ባሕር ያፈለሳት ዳኒች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙ፤ የዳኒችን ነገር ላውጋችሁ። አገሯ እንግሊዝ ነው፤ ሰፎክ በሚባለው የምሥራቅ ጠረፍ፣ ሰሜን ባሕርን ፊት ለፊት እያየች የተቀመጠች መንደር ናት። ዛሬ ነዋሪዋ ሁለት መቶ እንኳ አይሞላም።

በ1086 ግን (ዘመኑን በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) የንጉሥ ዊልያም ጸሐፊዎች አገሩን ለግብር ሲመዘግቡ፣ ዳኒች ባለ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ወደብ ነበረች። ሕዝቧ ሦስት ሺህ ያህል እንደነበር ይገመታል። ከገንዘቡ ሌላ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ በአሥር ሺዎች እየቆጠረች ትገብር ነበር። እዚያው መዝገብ ላይ አንድ ክፉ ወሬም ሰፍሯል፦ ከእርሻዋ ግማሹን ባሕር ወስዶታል። ማን ልብ ይበለው!

ከተማዋ የቆመችበት ገደል አለት እንዳይመስላችሁ፤ አሸዋና ጠጠር ነው። ማዕበል ከሥር ሲቦረቡረው ከላይ ያለው ይናዳል። በ1286 ብዙው ሰፈር ተጠረገ። በ1347 ደግሞ ከ400 በላይ ቤት ከነሱቁ፣ ከነወፍጮው ባሕር ገባ።

ሰው ሁሉ ዳኒችን ያጠፋት የፈረሰው ቤት ነው ይላል። እኔ ግን ያጠፋት የተዘጋው ወደብ ነው ባይ ነኝ። ቤት የፈረሰበት ፈቀቅ ብሎ ይሠራል፤ ወደብ የተዘጋበት ነጋዴስ ወዴት ይሂድ? በ1328 ማዕበሉ የወደቡን አፍ በጠጠር ደፈነው፤ በወደቡ በኩል ባሕር ይገባ የነበረው ወንዝም በሰሜን በኩል ሌላ መውጫ አበጀ። መርከቡም፣ ቀረጡም፣ ገበያውም ወንዙን ተከትሎ ሄደ። ሰዉም ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

አሁን የሚያስቀውን ስሙ። ይህች አብዛኛው አካሏ ባሕር ውስጥ የገባ ከተማ እስከ 1832 ድረስ ሁለት እንደራሴ ለፓርላማ ትልክ ነበር! ያ ሁሉ ፋብሪካ የሚጨስባት ማንችስተር ያኔ አንድም የራሷ እንደራሴ አልነበራትም።

ከጥንቶቹ አብያተ ክርስቲያናት የመጨረሻዋ በ1904 ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰች። ቁራሽ በቁራሽ ተናደች፤ በ1919 ግንቧ ወደቀ። የመቃብር ቦታዋም ሲቆረስ የሙታን አጥንት ከገደሉ ግድግዳ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ደወሏ ከባሕር ሥር ይሰማል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም። የሳውዛምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በድፍርሱ ውኃ ውስጥ በድምፅ ሞገድ እየቃኙ የሰመጠውን ፍርስራሽ ካርታ አንስተዋል።

ከ1286ቱ ማዕበል በኋላ ወደ ውስጥ የተዛወረው የፍራንሲስካውያን ገዳም ፍርስራሹ ዛሬም ቆሟል። ገደሉ መናዱን አላቆመም፤ ተረኛው እሱ ነው።