አረጋዊ ውሻ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ

አረጋዊ ውሻ የሚባለው ከሚጠበቅለት ዕድሜ የመጨረሻው ሩብ ላይ የደረሰ ውሻ ነው። ይህ ዘመን በዓመት ቁጥር ብቻ አይወሰንም፤ ግዙፍ ዝርያዎች ፈጥነው ስለሚያረጁ በ6 እና በ7 ዓመታቸው ወደዚህ ዘመን ሲገቡ፣ ትንንሾቹ ግን እስከ 10 ዓመት ገደማ የጎልማሳ ጉልበታቸውን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በሰሜን ሸዋ ደጋማ አገር፣ ማለትም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ በየግቢው የሚገኘው የሐበሻ ውሻ ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጉሩም አጭር ሲሆን፣ 8 ወይም 9 ዓመት ከሞላው በኋላ እንደ አረጋዊ ሊቆጠር ይገባዋል። በሽታ፣ ረኃብ፣ የጅብ ንክሻና መርዝ ብዙዎቹን በለጋነታቸው ስለሚቀጥፏቸው ለዚህ ዕድሜ የሚበቃው ውሻ ጥቂት ነው። እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም፤ ይሁንና «አርጅቷል» ተብሎ ከሚታለፈው ሥቃይ አብዛኛው ሊታከም፣ ካልሆነም ሊቃለል የሚችል በመሆኑ፣ የአረጋዊ ውሻ አያያዝ ዋና ቁም ነገር እርጅናን ከሕመም መለየት ነው።

የአካባቢው ውሻና ሥራው

የመንዝ ኑሮ በገብስና በበግ ላይ የቆመ ነው። በጸጉሩና በላቱ የሚታወቀው የመንዝ በግ ብርድና የግጦሽ እጥረት የሚችል፣ ሥጋው የሚበላ፣ ጸጉሩ ተፈትሎ ባናና ዝተት የሚሠራበት እንስሳ ሲሆን፣ ይህን ሀብት ቀን ከቀበሮ፣ ሌሊት ከጅብና ከሌባ የሚጠብቀው ውሻ ነው። መንጋ የማይከተለው ውሻ ብዙውን ጊዜ ቀን ታስሮ ይውልና ማታ ይፈታል፤ በረቱ ደጃፍ ወይም በቤቱ ጥግ ተኝቶ ያድራል፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ተነሥቶ ይጮኻል። ይህ ሥራ ዓመት ከዓመት በብርድ፣ በዝናብና በድንጋያማ መሬት ላይ የሚከናወን ስለሆነ፣ እርጅና ሲመጣ ጫናው አስቀድሞ የሚታየው በመገጣጠሚያዎች ላይ ነው።

የሦስቱ አገሮች የአየር ጠባይም አንድ ዓይነት አይደለም። መሐል ሜዳን የመሰሉ የመንዝ ከተሞችና የግሼ ከፍታዎች ብርዳማ ሲሆኑ፣ መርሐቤቴ ግን ከዓለም ከተማ አምባ ተነሥቶ የዓባይ ገባር ወደሆነው ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ሲወርድ ይሞቃል። ስለዚህ በላይኛው አገር ያረጀ ውሻ ዋና ጠላቱ ውርጭ ሲሆን፣ በቆላው ወገን ደግሞ ሙቀት፣ መዥገርና ቁንጫ ናቸው።

የእርጅና ምልክቶች

በመጀመሪያ የሚታየው ምልክት በአፍና በዓይን ዙሪያ የሚወጣው ሽበት ነው። ዓይኑ ሰማያዊ መሰል ጭጋግ ሊለብስ ይችላል፤ ይህ የዓይን ሌንስ በዕድሜ ብዛት እየጠነከረ ሲሄድ የሚፈጠር ለውጥ ሲሆን እይታን እምብዛም አይጎዳም። ሌንሱ ነጭ ሆኖ ብርሃን የሚከለክለው የዓይን ሞራ ግን ከዚህ የተለየ ሕመም ነው፤ ሞራ ያለበት ውሻ በማያውቀው ቦታ ከዕቃ ጋር ይጋጫል፣ ጨለማ ሲሆንም መንቀሳቀስ ይፈራል። ጆሮም ቀስ በቀስ ይደነቁራል፤ የማሽተት ችሎታ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ስለሚደክም፣ ማየትና መስማት የተሳነው ውሻ ቤቱንና ባለቤቱን በማሽተት እየለየ ይኖራል።

መገጣጠሚያዎቹን የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ አጥንት ከአጥንት ይፋተግና የመገጣጠሚያ ብግነት የሚባለው ሕመም ይጀምራል። ይህ ያለበት ውሻ ጠዋት ሲነሣ ይደርቃል፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፍታታል፣ ካብ መዝለል ይተዋል፣ የሚያመውን ስፍራ ደጋግሞ ይልሳል። ውሻ ብዙውን ጊዜ ሕመሙን በጩኸት የማይገልጥ እንስሳ ስለሆነ፣ አለመጮኹ አለመታመሙን አያስረዳም።

አንዳንድ አረጋዊ ውሾች የአእምሮ መድከም ይታይባቸዋል። ሌሊቱን ያለ ምክንያት ሲጮኹና ሲዞሩ ያድራሉ፣ ቀኑን ይተኛሉ፣ የሚያውቁት ጥግ ውስጥ ገብተው መውጫው ይጠፋቸዋል። ይህ በሰው ላይ ከሚታየው የእርጅና መርሳት ጋር የሚመሳሰል ለውጥ እንጂ የጠባይ መበላሸት ስላልሆነ ዱላ አይመልሰውም።

ምግብ

ውሻ ሥጋ በል ከሆነ ዘር ቢወለድም ከሰው ጋር በኖረባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት እህል መፍጨት ለምዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት ውሻ ከተኩላ ይልቅ የእህል ስታርችን ለመፍጨት የሚያስችሉ ዘረ መሎች በብዛት እንዳሉት አሳይቷል። ስለዚህ የገብስ ቂጣ፣ እንጀራና ገንፎ ለአረጋዊ ውሻ ኃይል ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ውሻ ሲያረጅ ጡንቻው ስለሚሳሳ ከእህሉ ጋር ሰውነት ገንቢ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ችግሩ የሚጎላውም በጾም ወራት ነው። ረቡዕና ዓርብን ሳይጨምር ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀናት ስለሚወስድ፣ ከቤቱ ትርፍ የሚመገበው ውሻም አብሮ ሥጋና ወተት ሳይቀምስ ይከርማል። ወጣት ውሻ አይጥ እያደነ ይህን ጊዜ ሊሻገር ቢችልም፣ አረጋዊው ግን አይችልም።

መፍትሔው ከዚያው ጓዳ ይገኛል። እርጎው ተገፍቶ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ፣ በጾም ለሰው የማይቀርብ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ እንዲሁም ያለ ቅመም ተቀቅሎ የላመ ምስር፣ አተር ወይም ባቄላ በቂጣ ቢፈተፈት ተስማሚ ምግብ ይሆናል። አሬራው ተቅማጥ ካመጣበት መጠኑን መቀነስ ይገባል። ቀኑን አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመስጠት ይልቅ ጠዋትና ማታ ከፍሎ መስጠት ለአረጋዊ ሆድ ይቀላል፤ ጥርሱ ለረገፈ ደግሞ ደረቁን በለብታ ውኃ ማራስ ያስፈልጋል።

ሊሰጡ የማይገባቸውም አሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ስላላቸው የወጥ ትርፍን አዘውትሮ መስጠት ይጎዳል፤ የጨው ብዛትም ኩላሊቱና ልቡ የደከመን ውሻ ይበልጥ ያደክማል። አተላ የተረፈ አልኮል ስለሚኖረው ለውሻ አይሆንም። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ውኃ ግን መቼም ሊጎድል አይገባም፤ ውርጭ በሚጥልባቸው ወራት በሌሊት የረጋው ውኃ ጠዋት መቀየር አለበት።

መኝታና ብርድ

በመንዝና በግሼ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ ጉምና ዝናብ ይበረታል። የአረጋዊ ውሻ ሰውነት ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስና ቅዝቃዜ የመገጣጠሚያ ሕመምን ስለሚያባብስ፣ እንዲህ ያለው ውሻ ደጅ ባዶ መሬት ላይ ሊያድር አይገባም። ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መደብ፣ በላዩም የገብስ ገለባ ወይም የጓሳ ሣር በቂ ነው። ጓሳ ረዣዥምና ጠንካራ ሣር ሲሆን የመንዝ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲጠቀምበት ኖሯል። በላዩ ያረጀ ባና ወይም የዝተት ቁራጭ ቢነጠፍበት ሙቀቱ ይጨምራል። ቁንጫ እንዳይራባበት ጉዝጓዙን በየጊዜው አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት ወይም መቀየር ይገባል።

ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትና ነፋስ የማይመታው ጥግ ለአረጋዊ ውሻ ከሁሉ የሚበልጥ ስፍራ ነው። አጭር ገመድ ሙሉ ቀን ባለበት ስለሚያስቀረው መገጣጠሚያውን ያደርቃል፤ አንገቱንም ያቆስላል፤ ስለዚህ ረዘም ባለ ገመድ ማሰር፣ ጠዋትና ማታም በዝግታ ማንሸራሸር ይበጃል። በመርሐቤቴ ቆላማ ወገን የሚያስፈልገው ጥላ ነው፤ በዚያ ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መካከል በየቀኑ ፈትሾ መዥገር መንቀል ያሻል።

ሕመምና ሕክምና

የጎልማሳ ውሻ ጥርሶች 42 ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ድድን ያቆስልና ጥርሱን ያወላልቃል፤ የአፍ ክፉ ሽታ፣ በአንድ ጎን ማኘክና ምግብ ከአፍ መጣል ምልክቶቹ ናቸው። ከወትሮው ብዙ ውኃ መጠጣትና ብዙ መሽናት የኩላሊት መድከምን ወይም የስኳር በሽታን፣ በተለይ ሌሊት የሚብስ ሳልና ቶሎ መድከም የልብ ሕመምን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ያልመከነች አሮጊት ሴት ውሻ ወንድ የመፈለጊያ ጊዜዋ ካለፈ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ብትተክዝ፣ ውኃ ብታበዛና ከብልቷ መግል ቢወጣ ማሕፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ፈጣን ሕክምና ያስፈልጋታል። በጡት ላይ የሚወጣ እብጠትም ትንሽ ሳለ ቢታይ ይሻላል። ወንዱ ደግሞ ፕሮስቴት የተባለው ከፊኛ በታች ያለ ዕጢው ሲያብጥ ለመጸዳዳት ይቸገራል።

የጤናማ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሆነ፣ በእጅ ሲዳሰስ ከሰው መሞቁ ብቻ ትኩሳት አለበት አያሰኝም። ለሰው የታዘዙ እንደ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች የውሻን ጉበት፣ ኩላሊት ወይም ጨጓራ ክፉኛ ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ሊሰጡ አይገባም። በወረዳና በቀበሌ ያለው የእንስሳት ጤና አገልግሎት በአብዛኛው ለከብትና ለበግ የቆመ ቢሆንም፣ ባለሙያው ስለ ውሻም ሊጠየቅ ይገባል።

የውሻው ጤና ከበጉ ጤና ጋር የተሳሰረ ነው። አርሶ አደሩ አዙሪት የሚለው በግን እያዞረ የሚጥል በሽታ በአንጎል ውስጥ በሚያድግ የኮሶ ትል እጭ የሚመጣ ሲሆን፣ ትሉ ለአካለ መጠን የሚደርሰው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። የታመመው በግ ጭንቅላት ለውሻ ሲጣል ውሻው ትሉን ይይዛል፤ ዕንቁላሉን በኩሱ ሣር ላይ ይዘራል፤ በጉም መልሶ ይግጠዋል። በጉበትና በሳንባ ላይ የውኃ ከረጢት የሚያበቅለው ሌላው የውሻ ትል ሰውንም ይይዛል። ጥርስ የለውም ተብሎ ጥሬ አንጎል፣ ጉበትና ሳንባ ለአረጋዊ ውሻ የመስጠት ልማድ ስለዚህ አደገኛ ነው፤ ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ በጥልቅ መቀበር፣ ጤናማውም በሚገባ መቀቀል፣ ውሻውም በባለሙያ ትእዛዝ በየጊዜው የኮሶ መድኃኒት መውሰድ አለበት።

የእብድ ውሻ በሽታና ቀይ ቀበሮ

ዕድሜ ከክትባት ነፃ አያወጣም። አረጋዊ ውሻ የበሽታ መከላከያ አቅሙ ስለሚዳከም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ሳይቋረጥ ሊታደስለት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በሰዎች መካከል ከሚከሠትባቸው 100 አጋጣሚዎች በ99ኙ የሚተላለፈው በውሻ ሲሆን፣ ሥርጭቱን ለመግታት ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው።

በእርጅናና በዚህ በሽታ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ሕይወት ያድናል። እርጅና በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ የሚመጣ ሲሆን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ግን በቀናት ውስጥ ጠባይን ይለውጣል፤ ለሀጭ ያዝረበርባል፣ መንጋጋ ያንጠለጥላል፣ መዋጥ ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ውሻ «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ለሞት ያበቃል። የተነከሰ ወይም ለሀጭ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነውና።

በመንዝ ይህ ጉዳይ ከቤተ ሰብ አልፎ አገርን ይመለከታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘውና ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በባህላዊ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው የጓሳ ምድር፣ በዓለም ላይ አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የተባለው የውሻ ቫይረስ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ይጋባሉ፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ኋላም በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የቤት ውሾችን የሚያስከትበው ለዚህ ነው።

ደስታና ፍጻሜ

የአረጋዊ ውሻ ደስታ በዋነኛነት ከሚያውቀው ሰው፣ ከሚያውቀው ቦታና ከሚያውቀው ሥራ የሚገኝ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው ጥበቃ የባሕርዩ ስለሆነ፣ ሩቅ መንጋ መከተል ቢሳነውም ከደጃፍ ሊነሣ አይገባም፤ ከወጣት ውሻ ጋር ቢውል ወጣቱ ከእርሱ ይማራል፣ እርሱም ብቸኝነት አይሰማውም። መስማት የተሳነውን ውሻ ከኋላ በድንገት መንካት ለንክሻ ስለሚዳርግ፣ ልጆች ከፊቱ እየቀረቡ በእጅ ምልክት እንዲጠሩትና ድንጋይ እንዳይወረውሩበት ማስተማር የወላጅ ድርሻ ነው። ዓይኑ ለጠፋው ደግሞ መኝታውና የውኃ ዕቃው ከቦታቸው አለመነሣታቸው ትልቅ እርዳታ ነው።

መብላትና መጠጣት የተወ፣ ራሱን ችሎ መቆም ያቃተው፣ ሥቃዩም በሕክምና የማይቃለል ውሻ ሲኖር፣ በእንስሳት ሐኪም መርፌ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ተገቢ ነው። ዱር ወስዶ መጣል ለረኃብና ለጅብ አሳልፎ መስጠት ሲሆን፣ መርዝ ማብላትም ለውሻው የጣር ሞት፣ ሥጋውን ለሚበሉ አሞራዎችና አራዊት ደግሞ ተከታይ ጥፋት ነው። የሞተው ውሻ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ አውሬ በማያወጣው ጥልቀት ሊቀበር ይገባል። ዕድሜውን ሙሉ በረት ሲጠብቅ ለኖረ እንስሳ ደረቅ መኝታ፣ የላመ ምግብ፣ ክትባትና ሥቃይ የሌለበት ፍጻሜ መስጠት ከባለቤቱ የሚጠበቅ ግዴታ ነው።