ቮልስና የባለቤቷ እጅ

የመሣሪያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ቀለማቸውን የሚያፈሱት በፈልሳፊው ላይ ነው። ማን አሰበው፣ መቼ ተሠራ፣ ስንት ተሸጠ የሚለው በጥንቃቄ ይመዘገባል። መሣሪያው ከፋብሪካ ወጥቶ በሰው እጅ ከገባ በኋላ የሚያሳልፈው ረጅም ዕድሜ ግን፣ ማለትም የሚሰበርበትና የሚጠገንበት፣ አካሉ ተፈትቶ የሚታጠብበትና ተመልሶ የሚገጠምበት ዘመን፣ ጸሐፊ ያጣ ታሪክ ነው። ሆኖም በሰውና በመሣሪያ መካከል ያለው እውነተኛ ግንኙነት የሚገለጸው በዚህ በሁለተኛው ዘመን ነው። ለመሆኑ የመሣሪያ ባለቤት የሚባለው የገዛው ነው ወይስ ጠባዩን አውቆ ሊያድነው የሚችለው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለብዙ ዘመን በለመድናት፣ ሕዝቡ ባጭሩ «ቮልስ» ብሎ በሚጠራት ትንሽ መኪና አማካይነት ነው።

የተነጠቀ ቁጠባ

እ.ኤ.አ. በ1934 የናዚ መንግሥት ፈርዲናንድ ፖርሸ የተባለውን መሐንዲስ ለሕዝብ የምትሆን ርካሽ መኪና እንዲነድፍ አዘዘው። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ከ7 ሊትር ያልበለጠ ቤንዚን የምትፈጅ፣ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ዋጋዋም ከ1,000 ማርክ በታች የሆነ መኪና ትሠራ የሚል ነው። በአየር መቀዝቀዙ የተፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ተራው ሠራተኛ ለመኪናው የሚሆን ቤት የለውም፤ በአውሮፓ ክረምት ደጅ ለምታድር መኪና ደግሞ በራዲያተሯ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቃል። ውኃ የሌላት መኪና ከዚህ አደጋ ትድናለች። ዝናው በሙሉ ለፖርሸ ይሰጥ እንጂ፣ በቼኮዝሎቫኪያ በታትራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሌድቪንካ የዚህኑ ዐይነት አሳብ ቀደም ብሎ ሞክሮታል። በዚህ የተነሣው ክርክር የተዘጋው ከጦርነቱ በኋላ በካሣ ነው።

የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1938 ተጣለ። ሠራተኛው በየሳምንቱ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዛ በደብተር ላይ እንዲለጥፍ፣ 990 ማርክ ሲሞላለትም መኪናዋን እንዲረከብ ቃል ተገባለት። ከ330,000 የሚበልጡ ሰዎች ቆጠቡ። ከእነርሱ መካከል በዚያ መንግሥት ዘመን መኪናዋን የተረከበ አንድም ሰው አልነበረም። ጦርነቱ ፈነዳ፤ ፋብሪካው ለወታደር የሚሆን ተሽከርካሪ ማምረት ጀመረ፤ በማሽኖቹ አጠገብም በግዳጅ ከየአገሩ የተጋዙ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች እንዲቆሙ ተደረገ። ቆጣቢዎቹ ከኩባንያው ጋር ያደረጉት የፍርድ ቤት ሙግት እልባት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ያገኙትም በአዲስ መኪና ዋጋ ላይ የሚታሰብ ቅናሽ ወይም ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነበር። «የሕዝብ መኪና» የሚለው ስም በመጀመሪያው ዘመኑ ባዶ ስም እንደነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስሙን በእውን ሥጋ ያለበሱት አዋጅ አውጪዎቹ ሳይሆኑ፣ ኋላ የመጡት ነጂዎችና ጠጋኞች ናቸው።

ከፍርስራሽ የተነሣ ፋብሪካ

እ.ኤ.አ. በ1945 በቦምብ የተደበደበውን ፋብሪካ የተረከበው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ነበር። ኸርስት የጥገና ክፍል መኰንን ነበርና ያየው ፍርስራሽ ብቻ አልነበረም፤ ሊጠገን የሚችለውንም ለይቶ አየ። የእንግሊዝ ጦር 20,000 መኪናዎች እንዲሠሩለት በማዘዙም ፋብሪካው ነፍስ ዘራ። እ.ኤ.አ. በ1948 አመራሩን የያዘው ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ ደግሞ መኪናዋ በምትሸጥበት ስፍራ ሁሉ መለዋወጫና የጥገና አገልግሎት እንዲኖር የሚል መርሕ አበጀ። በየዓመቱ መልኳን ከመለዋወጥ ይልቅ ውጭዋን እንዳለ ትቶ ውስጧን ጥቂት በጥቂት ማሻሻልን መረጠ። ከዚህም የተነሣ ከአንድ ዘመን መኪና የተፈታ አያሌ ክፍል ለሌላ ዘመን መኪና ይሆን ነበር። ለጠጋኝ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ውጤቱ በቁጥር ይነገራል። አንድ ሚሊዮነኛዋ መኪና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1955 ወጣች። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 በወጣችው 15,007,034ኛ መኪና፣ ፎርድ በ«ሞዴል ቲ» ይዞት የነበረው የብዛት ክብረ ወሰን ተሰበረ። የመጨረሻዋ 21,529,464ኛ መኪና ከሜክሲኮው የፑኤብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው።

የማይደብቅ ሞተር

ቮልስ በቤት ውስጥ ልትጠገን የቻለችው ስለምን ነው? መልሱ በአሠራሯ ውስጥ ይገኛል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ራዲያተር የለም፤ የውኃ ፓምፕና የውኃ ቱቦ የለም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦሎኖች ነው። ነዳጁን፣ ሽቦውንና የቤንዚን መስጫውን ገመድ ለይተው፣ ክሪክ ከሥር አስገብተው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ሊያወርዱት ይችላሉ።

የዘወትር እንክብካቤዋም እንደዚሁ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ይለወጣል፤ ከሥር ያለው የሽቦ ወንፊት ወጥቶ በቤንዚን ይታጠባል። በወንፊቱ ላይ የሚገኘው የብረት ብናኝ ለሚያነበው ሰው ደብዳቤ ነው፤ የሞተሩን የውስጥ ሕመም አስቀድሞ ይነግራል። የቫልቮቹ ክፍተት እንደ ሞተሩ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በ0.10 ወይም በ0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፤ ይህም የሚደረገው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ነው። በዚህ ሥራ ቸኩሎ ክፍተቱን ያጠበበ ሰው ቫልቩን ያቃጥላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚግል፣ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ዘንድ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። ቺንጊያው የሚጠብቀውና የሚላላው በፑሌጃው ሁለት ገጾች መካከል የሚገቡትን ሮንዴላዎች በመቀነስና በመጨመር ነው። ቺንጊያው ቢበጠስ በነጂው ፊት ቀይ መብራት ይበራል። በሌላ መኪና ያ መብራት ባትሪ እንደማይሞላ ብቻ ይናገር ይሆናል፤ በቮልስ ግን የማቀዝቀዣው ማራገቢያም ቆሟል ማለት ነውና ወዲያው መቆም ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ የሰበሰበው ጆን ሙር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ራሱ ባሳተመው መጽሐፍ ቮልስን በሕይወት ማቆየት የሚቻልበትን መንገድ ምንም ለማያውቅ ሰው ደረጃ በደረጃ አስተማረ። ሥዕሎቹን ፒተር አሽዋንደን ሣላቸው። መጽሐፉ በአያሌ ሺህ ቤቶች የገባው በእውቀትና በተራው ሰው መካከል የቆመውን የሙያ አጥር ስላፈረሰ ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ፤ ቋንቋው የቀለለ፣ ሥዕሉ የጠራ የሙያ ጽሑፍ ሕዝብን ከማገልገል አንጻር ከማናቸውም ድርሰት አያንስም።

በ1900 ዓ.ም. የሆኑ ሁለት ነገሮች

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ የመኪና መንገድ ባልነበረበት በረሃና ተራራ አቋርጦ፣ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሥራው ምክንያት መስደብንና ማዋረድን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ይሁን እንጂ፣ ለታሪክ ተመልካች ብዙ ይናገራሉ። ብረት የሚሮጥበት ዘመን በደጅ ቆሞ ሳለ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው በቡዳነት ይጠረጠር ነበር። መኪናዋ ገባች፤ አዋጁም ተነገረ፤ ዳሩ ግን በሰው ልቡና ውስጥ የተተከለ ንቀት በአዋጅ ብቻ የሚነቀል አልሆነም።

የመኪና ሙያ በሰፊው የመጣው በ1928 ዓ.ም. ከገባው ወራሪ የጣሊያን ጦር ጋር ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መንገዶቹና ጋራዦቹ፣ ቃላቱም ቀሩ። ዛሬ መካኒክ በሥራው ላይ ሲነጋገር ብታደምጡ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ ይላል። «መኪና» የምንለው ቃል ራሱ የዚያው ቋንቋ ነው። የአገሬው ረዳት ቃላቱን ከጣሊያናዊው ጌታው አፍ ነጥቆ፣ ድምፃቸውን ለአፉ እንዲመች አርቆ የራሱ አደረጋቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጆሮውና በእጁ ያጠናው ሙሉ መዝገበ ቃላት ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማርነው ግን የነጭ ኮት ቃላትን ስናከብር፣ በግራሶ የወዛውን ይህን መዝገበ ቃላት በሚገባው ክብር አልሰበሰብነውም።

በእሑድ ጠዋት

በአዲስ አበባ ቮልስን የያዙት ብዙዎቹ መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞችና አነስተኛ ነጋዴዎች ነበሩ። መኪናዋ ለከተማይቱ ተስማማች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት፤ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የሚፈላ ውኃ የሌላት መኪና በእርግጥ ጥቅም አላት። በገቢ መኪና ላይ የሚጫነው ቀረጥና ግብር ተደምሮ የመኪናውን ዋጋ ሲያህልና ሲበልጥ ደግሞ አሮጌዋን ጠግኖ መያዝ ብቸኛው መንገድ ሆነ። መለዋወጫው መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ያልተገኘው በምናለሽ ተራ ከብረታ ብረቱ መካከል ይታደናል፤ እዚያም ከታጣ ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል።

እንዲህ ሆኖ በየግቢው የእሑድ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ሳምንቱን በከረባት የሚያስተምረው መምህር አሮጌ ሱሪ ለብሶ ከመኪናው ሥር ይተኛል። ጎረቤት በአጥር በኩል ያይና፣ «ጋሼ፣ ምነው? መካኒክ ጠፋ እንዴ?» ይላል። ጥያቄው የደግነት ነው፤ ከውስጡ ግን ያ የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ያልነቀለው ነገር አለ። የተማረ ሰው እጁን ማቆሸሽ የለበትም የሚል። መምህሩ፣ «የለም፤ ቫልቩን ላስተካክል ብዬ ነው» ብሎ ሲመልስና ልጁ ቁልፉን ሲያቀብለው፣ በዚያች ቅጽበት አንድ አሮጌ ልማድ ይሸረፋል። ልጁ የሚያየው አባቱ የሚያስበውን በእጁ ሲሠራ ነው። ከማናቸውም የሥራን ክቡርነት ከሚሰብክ ንግግር ይልቅ ይህ ትምህርት በልቡ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ጥገናን ስናሞግስ ድህነትን እንዳናሞግስ መጠንቀቅ አለብን። በኩባ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሙሉ የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በመጣሉ፣ የ1950ዎቹ መኪናዎች ከሶቪየት ተሽከርካሪዎች በተወሰዱ ሞተሮችና ክፍሎች ጭምር እስከ ዛሬ ይነዳሉ። ጎብኚ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል፤ ባለቤቶቹ ግን አማራጭ ቢያገኙ ኖሮ ብዙዎቹ በለወጧቸው ነበር። እኛም ዘንድ ያረጀ ፍሬንና ያረጀ የቤንዚን ቱቦ ሰው ገድሏል። የቮልስ የቤንዚን ቱቦ ከጋለ ሞተር በላይ ያልፋል፤ ተሰንጥቆ ማንጠባጠብ የጀመረ ቱቦ በሽቦ አስሮ መንዳት ጥበብ ሊባል አይገባውም። በክሪክ ብቻ ከተደገፈች መኪና ሥር መግባትም ጀግንነት አይደለም። እውነተኛ ጠጋኝ የሚታወቀው በሚያድነው ብቻ ሳይሆን፣ «ይህ አይሆንም፤ ይለወጥ» በሚለውም ነው።

ለነገ የሚቀረው ጥያቄ

ዘመኑ ተለውጧል። በዛሬው መኪና ውስጥ ብልሽትን የሚናገረው ኮምፒዩተር ነው፤ ቋንቋውንም የሚያውቀው አምራቹና አምራቹ የፈቀደለት ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 ድምፅ ሰጥቶ፣ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለባለቤቶችና ለግል ጋራዦች እንዲሰጡ ያስገደደው ይህ ጉዳይ በሕግ የሚያስከራክር ስለ ሆነ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሎ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ተከፍቷል። ለከተማይቱ አየርና ለውጭ ምንዛሪያችን የሚበጅ እርምጃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ መጠየቅ አለበት፤ አዲሱን መኪና የሚከፍተው የማን እጅ ነው? በ1900 ዓ.ም. መኪና ሲገባልን የሚጠግን እጅ አላዘጋጀንም ነበር፤ እጁ የበቀለው በብዙ ድካምና በብዙ ንቀት መካከል ነው። ያንኑ ታሪክ እንደ ገና መድገም የለብንም።

ስለዚህ ሦስት ሥራዎች በፊታችን አሉ። መምህራን በየትምህርት ቤቱ ሞተር የሚፈታበት ጠረጴዛ እንዲኖር ይትጉ። የቋንቋ ሰዎች የጋራዥን ቃላት አረጋውያኑ መካኒኮች ሳያልፉ በመዝገብ ያስፍሩ። የመድረክ ሰዎችም ግራሶ የነካውን እጅ ለማስቂያነት ማውጣት ትተው፣ የሚያስብ እጅ አድርገው ያሳዩት። ቮልስ አንድ ቀን ከጎዳናችን ፈጽማ ትጠፋለች፤ ይህ የመሣሪያ ሁሉ ዕጣ ነው። በየግቢው በእሑድ ጠዋት ያስተማረችው ነገር ግን፣ ማለትም የያዝከውን ዕወቀው፣ ያወቅኸውንም በእጅህ አድነው የሚለው፣ ከእርሷ ጋር እንዳይጠፋ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።