ከበሮ መቺው ሲቀር

ጊኒር፣ ሮቤ ወይም ጎባ ሆናችሁ እሑድ ጠዋት በኪቦርድ የምታጅቡ ወጣቶች ይህን ታውቁታላችሁ። ከበሮ መቺው ቀርቷል፤ ቤዝ ጊታር ቀድሞውንም የለም። ከኪቦርዱ አንድ ሪትም ትመርጣላችሁ፤ ግራ እጃችሁ ኮርድ ሲነካ ከበሮውም ቤዙም አብሮ ይነሣል።

እንዲህ በማሽን ታጅቦ መጫወት በእኛ ሙዚቃ ውስጥ አዲስ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። መዝሙር አጃቢ አልነበረም፤ ለጉዳያችን ግን ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ፤ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ሲመለሱ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ካሴት ሲቀርጽ ከጎኑ ባንድ አልነበረም። አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ራሱ እየተጫወተ ደራረበ፤ ምቱን የሰጠው የከበሮ ማሽን ነው። በዚያ ምት ላይ የድሮ ዜማዎችን በአኮርዲዮን እንደ ልቡ አንጎራጎረ።

የከበሮ ማሽን ግን ጆሮ የለውም። የተሰጠውን ምት እስኪያጠፉት ይደግማል፤ ተጫዋቹ ቢዘገይ አይጠብቀውም።

ጆሮ ሊሰጡት የሞከሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ትሮምቦን ተጫዋች ጆርጅ ሉዊስ በ1980ዎቹ መጨረሻ «ቮያጀር» የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ፤ ሰው የሚጫወተውን እየሰማ የራሱን መልስ ይሰጣል። በ1990 ደግሞ ካናዳዊው ፒተር ጋነን «ባንድ ኢን ኤ ቦክስ»ን አወጣ። የኮርዶቹን ስም ትጽፉለታላችሁ፤ የቤዙን፣ የፒያኖውንና የከበሮውን አጀብ ራሱ ያዘጋጃል። ለብቻው ለሚለማመድ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የእኛ ችግር ከቅኝት ላይ ይጀምራል። አንቺሆዬን ከ«ዶ» ብትጀምሩት «ሚ» እና «ሶል» የሉበትም። ኪቦርዳችሁ በአንድ ጣት ኮርድ እንዲያወጣ ተደርጎ «ዶ»ን ስትነኩ ግን የሚጨምረው እነዚያኑ ሁለቱን ነው! አምባሰልም «ሚ» የለውም። ዜማው ሲጎረብጣችሁ ዘማሪዋን አትውቀሱ፤ ማሽኑ የተሞላለት የሌላ አገር ኮርድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የኮርዱን አጀብ አጥፉ፣ ምቱን ብቻ አስቀሩ፣ ግራ እጃችሁ ከቅኝቱ ድምፆች አይውጣ።

ሌላም አለ። ዘማሪዋ አዝማቹን ስታራዝም፣ ጉባኤው በእልልታ ሲገባበት፣ ማሽኑ ያንን አይሰማም። የሚሰማው እጃችሁን ብቻ ስለሆነ እናንተ ቀና ብላችሁ ዘማሪዋን ማየት አለባችሁ። ብዙዎቻችን ዓይናችን ከቁልፎቹ አይነሣም።

ኃይሉ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። የ1985ቱ ሥራው በ2013 እንደገና ታተመና ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ቤዙንም ከበሮውንም የተጫወቱለት ሰዎች ናቸው።