ውሃ፣ ብርድና ሙቀት

ላቦራቶሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት የሄላ ህዋስ አንዱ ቢመዘን፣ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ሁሉ 200 ፒኮግራም ገደማ ቢሆን ነው። አንድ ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ ነው። ዲኤንኤ ሲያንስ በፒሲአር ይባዛል፤ ፕሮቲንን ግን እንዲህ የሚያባዛ ዘዴ የለም። የጠፋው ጠፍቶ ይቀራል።

ለዓመታት ጥፋቱ የሚደርሰው ገና ናሙናው ለልኬት ሲዘጋጅ ነበር። ባለሙያዎች ህዋሶችን ኤስዲኤስ ወይም ዩሪያ በተባለ ኬሚካል አፍርሰው ፕሮቲኑን ያወጣሉ። ሁለቱም ፕሮቲኑን የሚለካውን የማስ ስፔክትሮሜትር ንባብ ስለሚያበላሹ ናሙናው ከልኬቱ በፊት መጣራት አለበት። በየማጣሪያውና በየብልቃጡ ግድግዳ ጥቂት ፕሮቲን ተጣብቆ ይቀራል። ከትልቅ ድስት ወጥ ሲገለበጥ ግርጌው ላይ የሚቀረው ማንንም አያሳስብም፤ አንድ ማንኪያ ወጥ ግን ከዕቃ ዕቃ ሲገላበጥ ያልቃል። ሚሊዮን ህዋስ ይዞ የሚሠራው ዘዴ ለአንዲት ህዋስ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. 2018 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በየፊናቸው መፍትሔ ይዘው መጡ። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሪችላንድ በሚገኘው የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዪንግ ዙ፣ ራያን ኬሊና ባልደረቦቻቸው ዕቃውን አሳነሱት። ናኖፖትስ ባሉት ዘዴ ሥራው ሁሉ በመስታወት ቺፕ ላይ፣ ከ200 ናኖሊትር ባነሰ ጠብታ ውስጥ ይከናወናል። ከ10 እስከ 140 ከሚሆኑ ህዋሶች ከ1,500 እስከ 3,000 ገደማ ፕሮቲኖችን ለዩ። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ ጠብታውን የሚያንጠባጥበው ሮቦት ግን እዚያው የተሠራ በመሆኑ ሌላው ላቦራቶሪ በቀላሉ የሚያገኘው አልነበረም።

ቦስተን በሚገኘው የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የኒኮላይ ስላቮቭ ቡድን ኬሚካሉን ጭራሽ ተወው። ስኮፕ-ኤምኤስ በተባለው ዘዴ ህዋሷ በንጹህ ውሃ ውስጥ በድምፅ ሞገድ ትፈርሳለች። ከዚያ የእያንዳንዷ ህዋስ ፕሮቲን ምልክት ይደረግበትና ከ200 ህዋሶች ፕሮቲን ጋር ይቀላቀላል። በግድግዳ የሚቀረው በአብዛኛው የብዙዎቹ ድርሻ ስለሚሆን የአንዷ ይተርፋል። ሆኖም የሞገዱ መሣሪያ ውድ ነበር፤ ሥራውም ይጓተታል።

ከዚህ በኋላ የመጣው እርምጃ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊወሳ የሚገባው ነው፤ የድምፅ ሞገዱም ቀረ። ኤምፖፕ በተባለው አሠራር ህዋሷ በአንድ ማይክሮሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች፣ ቀጥሎም በፒሲአር ማሽን 90 ዲግሪ ትሞቃለች። ህዋሷን ለማፍረስ ይኸው በቂ ነው። የሚጣራ ኬሚካል ስለሌለ ፕሮቲኑን የሚቆራርጠው ትሪፕሲን በቀጥታ ይጨመራል፤ ባለ 384 ጉድጓድ ሳህኑም ብዙ ህዋሶችን በአንድ ጊዜ ይይዛል። የስላቮቭ ቡድን በዚህ መንገድ አዘጋጅቶ በ2021 ባሳተመው ጥናት ሞኖሳይትና ማክሮፌጅ በተባሉ 1,490 ህዋሶች ውስጥ 3,042 ፕሮቲኖችን ለካ።

በ2022 ያው ቡድን ጉድጓዱንም ትቶ ህዋሶቹን በመስታወት ስላይድ ላይ፣ በናኖሊትር ጠብታ ያዘጋጀበትን ጥናት አሳተመ። ማስ ስፔክትሮሜትሩ ዛሬም እጅግ ውድ ነው። የዝግጅቱን መንገድ የከፈቱት ማቀዝቀዣና የፒሲአር ማሽን ግን በአብዛኞቹ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪዎች አስቀድሞም የነበሩ ናቸው።