ጨዋታውን የገዛ ጣቢያ ሊጉን ይመረምራል ወይ? የጥቅም ግጭት በስፖርት ጋዜጠኝነት

በዕብራይስጥ «ኒጉድ ኢንያኒም» ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ ሳትሰሙ አትቀሩም። በአማርኛ የጥቅም ግጭት እንለዋለን። አንድ ሰው በሥራው እውነቱን መናገር ወይም በሚዛን መፍረድ ሲገባው፣ እውነቱ ቢወጣ የሚጎዳበት ሌላ ጥቅም ካለው ነገሩ ይኸው ነው። እኔ በተሰማራሁበት በማኅበራዊ ሥራ፣ ሠራተኛው የአክስቱን ልጅ ጉዳይ ይዞ ሪፖርት አይጽፍም፤ ፋይሉ ለሌላ ሰው ይተላለፋል። ማዳላቱ ስለተረጋገጠ አይደለም፤ ሊያዳላ ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ብቻ ይበቃል። በስፖርት ቴሌቪዥን ግን ዝምድናው በውል ተጽፎና በቢሊዮን ዶላር ተከፍሎበት ሥራው ይቀጥላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቅ ጣቢያ ጨዋታን በቀጥታ ለማሳየት ለሊጉ ይከፍላል። ገንዘቡ የሚመለሰው ከማስታወቂያና ተመልካቹ በየወሩ ከሚከፍለው ነው። ስለዚህ የሊጉ ስም ሲጎድፍ ጣቢያው የገዛው ዕቃ ይረክሳል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ሊጉን መመርመር ሥራቸው የሆነ ጋዜጠኞች ደመወዝ ይበላሉ። «የበሉበትን ወጭት ሰባሪ» መባልን ማን ይወዳል?

ይህ የሰው ሕይወት የነካበትን አንድ ታሪክ እናንሳ። ማይክ ዌብስተር በአሜሪካ ፉትቦል ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች ነበር። በመጨረሻ ዘመኑ አእምሮው ታውኮ፣ መኪናው ውስጥ እስከ ማደር ደርሶ፣ በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። ሬሳውን የመረመረው ከናይጄሪያ የሄደው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ፣ በጭንቅላት ላይ በሚደጋገም ምት የሚመጣ የአንጎል በሽታ አገኘበት። ጥናቱ በ2005 ሲታተም፣ ኤንኤፍኤል የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የሰየማቸው ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ።

ኢኤስፒኤን የተባለው ታላቅ የስፖርት ጣቢያ በበኩሉ፣ የዚህን ሊግ ጨዋታ ለማሳየት በዓመት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚከፍልበትን ውል በ2011 ፈረመ። የጣቢያው ጋዜጠኞች የሆኑት ወንድማማቾቹ ስቲቭ ፋይናሩና ማርክ ፋይናሩ ዋዳ ደግሞ፣ ፒቢኤስ ከተባለው የሕዝብ ጣቢያ ጋር አብረው ሊጉ የአንጎልን ጉዳት እንዴት ሲክድ እንደኖረ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም እያዘጋጁ ነበር። በኦገስት 2013 ኢኤስፒኤን ስሜ ከፊልሙ ይውጣ አለ። ኒውዮርክ ታይምስ ከበስተጀርባው የሊጉ ግፊት እንዳለ ጻፈ። ጣቢያውም ሊጉም አስተባበሉ፤ ጣቢያው በፊልሙ ይዘት ላይ የመወሰን ሥልጣን ስለሌለኝ ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። ፊልሙ በኦክቶበር ያለ ኢኤስፒኤን ስም ታየ። ለእውነት ያህል፣ ወንድማማቾቹ ከሥራ አልተባረሩም፤ በጉዳዩ ላይ መጻፋቸውንም አላቆሙም።

እንግዲህ ግፊት ነበረ ወይስ አልነበረም? ከውጭ ሆነን ማወቅ አንችልም። የጥቅም ግጭት ትልቁ ጉዳትም ይህ ይመስለኛል፤ ጣቢያው እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚያምነው ያጣል። ያውም ከዚያ አሥር ዓመት በፊት፣ ይኸው ጣቢያ ስለ ፉትቦል ተጫዋቾች የሠራውን «ፕሌይሜከርስ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ሊጉ ስላልወደደው ከአንድ ዙር በኋላ አቁሞታል። ሸሪካችንን ማስቀየም አንፈልግም ብለው ኃላፊው ራሳቸው አልሸሸጉም።

ከውል አልፎ ባለቤትነት ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። በጣሊያን ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና የኤሲ ሚላን ባለቤት ነበሩ። በእንግሊዝ ስካይ ማንቸስተር ዩናይትድን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ በ1998 ተስማምቶ፣ መንግሥት በ1999 ከለከለው። ዛሬ ናስር አል ኸላይፊ የቢኢን ሚዲያ ሊቀ መንበር፣ የፓሪስ ሴንት ዠርሜን ፕሬዚዳንት፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ሥራ አስፈጻሚ አባል ናቸው፤ ማኅበሩ የቻምፒየንስ ሊግን የማሳየት መብት ከሚሸጥላቸው ጣቢያዎች አንዱ ደግሞ ቢኢን ነው። ቶም ብሬዲም በ2024 የፎክስ ተንታኝ ሆኖ ሥራ በጀመረበት ዓመት የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ባለድርሻ ሆነ። ሊጉ ካወጣበት ገደቦች አንዱ ዳኞችንና ሌሎች ቡድኖችን እንዳይነቅፍ የሚል ነበር። ዳኛውን መንቀፍ የማይችል ተንታኝ ምኑን ይተነትናል!

ሁሉም ግን እጁን አይሰጥም። ቢቢሲ የዓለም ዋንጫን የሚያሳይ ጣቢያ ሆኖ ሳለ፣ በኖቬምበር 2010 በፓኖራማ ፕሮግራሙ የጋዜጠኛ አንድሪው ጄኒንግስን የፊፋ ጉቦ ምርመራ አቀረበ። የ2018ን ዋንጫ አዘጋጅ የሚመርጠው ድምፅ የሚሰጠው ከሦስት ቀን በኋላ ስለነበር፣ ውድድሩን ወደ እንግሊዝ ለማምጣት የሚሠሩት ሰዎች ጣቢያውን አገሩን እንደማይወድ አድርገው ወቀሱት። እንግሊዝ ከ22 ድምፅ 2 ብቻ አገኘች። በሜይ 2015 የስዊስ ፖሊስ የፊፋን ባለሥልጣናት ዙሪክ ከሚገኝ ሆቴል ሲወስድ ግን ወቀሳው ሌላ መልክ ያዘ።

ኢኤስፒኤን ከ2005 ጀምሮ የራሱን የጋዜጠኝነት ሥራ በአደባባይ የሚተች ገለልተኛ ሰው ነበረው፤ በ2018 ቦታውን ዘጋው። በኦገስት 2025 ደግሞ ኤንኤፍኤል የራሱን ቴሌቪዥን ለኢኤስፒኤን ሰጥቶ በምትኩ የኢኤስፒኤንን 10 ከመቶ ድርሻ እንዲወስድ ስምምነት ላይ መደረሱ ተነገረ። በዚህ ስምምነት መሠረት፣ የሌላ ማይክ ዌብስተርን አሟሟት የሚመረምር የኢኤስፒኤን ጋዜጠኛ የሚጽፈው ከአሠሪው ባለድርሻዎች ስለ አንዱ ይሆናል።