በማሳይ ስም መሬት የሰጠ ማን ነው፤ በማሳይ ስምስ የሚከስ ማን ነው

በ1913 ዓ.ም. ስምንት የማሳይ ሰዎች የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪቃ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግንና ሌሎች 20 ተከሳሾችን በግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። የቀዳሚው ከሳሽ ስም በመዝገቡ ላይ «ኦል ሌ ንጆጎ» ተብሎ ስለ ተጻፈ ነገሩ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራል፤ ትክክለኛው ስሙ ግን ኦሌ ንቾኮ ነው። የሰውየው ስም እንኳ በደንብ ሳይሰማ መዝገቡ ተከፈተ ማለት ነው። ከሳሾቹ የቀረቡት ስለ ራሳቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ላይኪፒያ ማሳዮች ሁሉ ነበር። የሕግ ሊቃውንት ይህን ፍርድ የሚያስታውሱት ስለ መንግሥታዊ ድርጊት በሰጠው ትርጓሜ ነው። እኔ ግን እምብዛም ያልተመረመረውን ሌላውን ገጽ፣ ይኸውም በአንድ ሕዝብ ስም መሬት ሊለቅም ሆነ ስለ መሬት ሊከስ የሚገባው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ለመመልከት አስቤአለሁ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በ1904 ዓ.ም. የግዛቱ ኮሚሽነር ሰር ዶናልድ ስቱዋርት ሌናና ከሚባለው ታላቅ ላይቦንና ከሌሎች የማሳይ ሰዎች ጋር ስምምነት አደረገ። ላይቦን ማለት ትንቢት ተናጋሪና የሥርዐት አባት እንጂ ገዢ ማለት አይደለም። በዚህ ስምምነት ማሳዮች በናይቫሻና በናኩሩ አካባቢ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ግጦሽ ለነጭ ሰፋሪዎች ለቀው፣ ከፊሎቹ በሰሜን ወደ ላይኪፒያ፣ ከፊሎቹም ከባቡር ሐዲዱ በስተ ደቡብ ወዳለው ምድር እንዲሄዱ ተወሰነ። ውሉም ማሳይ የሚባል ዘር እስካለ ድረስ ይጽና ተብሎ ተጻፈ። የጸናው ግን ሰባት ዓመት ብቻ ነው። በ1911 ዓ.ም. አገረ ገዢው ሰር ፐርሲ ዢሩዋር በነበረበት ጊዜ ላይኪፒያም ለሰፋሪዎች ስለ ተፈለገ ሁለተኛ ስምምነት ተፈረመ። ሌናና በዚያው ዓመት ሞቶ ስለ ነበረ በፈራሚዎቹ ራስ ላይ የተቀመጠው ስም የልጁ የሴጊ ነው፤ ሴጊ ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ነበርና እንደራሴዎች ተጨመሩለት። ወረቀቱ ይህን ልጅ የማሳይ ሁሉ የበላይ አለቃ ይለዋል። ማሳይ በዕድሜ እርከንና በየክፍሉ ሽማግሌዎች ምክር የሚተዳደር ሕዝብ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ማዕርጉ ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም፤ ለማስፈረም አንድ ራስ ያስፈልግ ነበርና ራስ ተሠራለት።

ከእንደራሴዎቹ አንዱ ሌጋሊሹ፣ በትክክለኛ አጠራሩ ኦሌ ጊሊሾ፣ የፑርኮ ክፍል መሪ ነበረ። ይህ ሰው ወረቀቱን ከፈረመ በኋላ ዝውውሩን ከተቃወሙት ዋነኛው ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶች ይህን እንደ ወላዋይነት ቈጥረውበታል፤ ለእኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። አገረ ገዢው በፊቱ ቆሞ ሲያስፈርመው እጁን የዘረጋ ሽማግሌ፣ ወደ ሰዎቹ ተመልሶ ቍጣቸውን ሲሰማ የማን ወኪል እንደ ሆነ ዳግመኛ ይማራል። በዝውውሩ ወደ 10,000 የሚሆን ሰው፣ 175,000 ከብትና ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ በግ ወደ ደቡብ እንደ ተነዳ በዘመኑ ተገምቷል፤ ሥራውም አንድ ጊዜ ተቋርጦ በ1912 ዓ.ም. እንደ ገና ተጀመረ። ኖርማን ሌይስ የተባለ የመንግሥት ሐኪም በደሉን ወደ እንግሊዝ እየጻፈ አሰማ። ማሳዮችም አሌግዛንደር ሞሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ገዙ።

የክሱ አቤቱታ እንደ ገና ቢነበብ የሚያስደንቅ ነው። ከሳሾቹ የ1904 ዓ.ም. ስምምነት ተራ ውል ስለ ሆነ እስከ ዛሬ የጸና ነው አሉ። የ1911 ዓ.ም. ፈራሚዎች ደግሞ የላይኪፒያን ማሳዮች ሊያስሩ የሚችሉበት ሥልጣን አልነበራቸውም አሉ። ከዚህም አልፈው፣ አዋቂ ወንዶቹ ሁሉ ፈቅደው ነበር ቢባል እንኳ ስምምነቱ ለሕፃናቱ ጥቅም ያልተደረገ ስለ ሆነና በማሳይ ልማድ ሕፃናቱን የሚያስር ደንብ ስለሌለ፣ በእነርሱ ላይ አይጸናም ብለው ተከራከሩ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ የጠለቀ ይመስለኛል። የሞሪሰን ቋንቋ የእንግሊዝ የውል ሕግ ቋንቋ ቢሆንም፣ ከሥሩ ያለው አሳብ መሬቱ የዛሬዎቹ ሰዎች ብቻ አይደለም የሚለው ነው።

ፍርድ ቤቱ ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም ሳይመረምር በግንቦት ወር ክሱን ዘጋ። ምክንያቱም እንዲህ የሚል ነበር፤ ማሳዮች የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢዎች አይደሉም፤ የሚኖሩበት ምድር በጥበቃ ሥር ያለ የውጭ አገር ነው፤ ስለዚህ ከንጉሡ ጋር ያደረጉት ስምምነት ውል ሳይሆን በመንግሥትና በመንግሥት መካከል የሚደረግ ዐይነት ስለ ሆነ የአገር ውስጥ ዳኛ ሊያየው አይችልም። ለዚህም ከሦስት ዓመት በፊት በ1910 ዓ.ም. በለንደን ስለ ቤቹዋናላንዱ አለቃ ስለ ሴክጎማ የተሰጠው ፍርድ መደገፊያ ሆነ። በታኅሣሥ ወር የምሥራቅ አፍሪቃ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ይህንኑ አጸና፤ በማሳዮች ዘንድ የሉዓላዊነት ቅሪት አለ ተባለ። እንግዲህ ይህ ቅሪት የጠቀመው ማንን እንደ ሆነ ልብ ይሏል። መሬት ለማስረከብ ጊዜ ማሳይ ራስ ያለው መንግሥት ነው፤ ስለ መሬቱ ለመጮኽ ጊዜ ደግሞ በር የሚዘጋበት ባዕድ ነው። ነገሩ ለንደን ወዳለው የንጉሡ የፍርድ ሸንጎ ሳይደርስ ቀረ።

አንባቢ በዚህ ላይ የአገራችንን የርስት ክርክር ማስታወሱ አይቀርም። በጎጃምና በበጌምድር ርስት ይገባኛል የሚለውን ሰው በዳኛ ፊት የሚያቆመው የትውልድ ሐረጉ ነበር፤ በአባቱ በኩል ቢሆን በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ ያስረዳል። በምንዝር አባት ስም ለሚቈጠረው ድርሻ የሚቆመው ሰው ፈጅ ይባል ነበር። ፈጅ ስለ ተወላጆቹ ይናገር እንጂ መብታቸውን ሊያጠፋ አይችልም፤ «ርስት በሺሕ ዓመት ለባለቤት» የሚለው አባባልም ይህንኑ ያመለክታል። ማሳይ ግጦሽ በጋራ የሚይዝ አርብቶ አደር ስለ ሆነ ንጽጽሩን አብዝቶ መግፋት አይገባም፤ ርስቱም ራሱ በ1975 ዓ.ም. በገጠር መሬት ዐዋጅ ቀርቷል። ሆኖም ተናጋሪ መሆንና አሳልፎ ለመስጠት መቻል ሁለት ነገር መሆናቸውን የእኛ ልማድ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላም ጥያቄው መልኩን ቀይሮ ተመለሰ። በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ኤንዶሮይስ ቦታው የዱር አራዊት ጥብቅ ሥፍራ ስለ ተባለ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈናቀሉ። የናኩሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አቤቱታቸውን ሲዘጋ ስለ ማኅበረ ሰብ የጋራ ንብረት መብት ለማየት እንደማይችልና የተጎጂዎቹም ማንነት በሚገባ እንዳልታየ ገለጸ። በአንድ ወገን ዳኛው ሰዎቹ ማን ማን እንደ ሆኑ ይጠይቃል፤ በሌላው ወገን ባለ ሥልጣኖች የኤንዶሮይስን የወኪሎች ማኅበር አንመዘግብም ይላሉ። የአፍሪቃ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ግን በሁለት ድርጅቶች አማካይነት የቀረበለትን አቤቱታ ተቀብሎ፣ ወደ 60,000 የሚቈጠረው ሕዝብ እንደ ሕዝብ መብት አለው ሲል ወሰነ፤ ማኅበሩን አለመመዝገቡ መንግሥት ራሱ ከመረጣቸው ሰዎች ጋር ብቻ ለመመካከር በር እንደ ከፈተም አመለከተ። ይህ ውሳኔ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪቃ ኅብረት ጸደቀ። በዚያው ዓመት የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 ማንም ሰው የመብት መደፈርን በሚመለከት በሌላው፣ በአንድ ወገን ወይም በሕዝብ ጥቅም ስም ሊከስ እንደሚችል ደነገገ።

በሩ ስለ ተከፈተ ግን ጥያቄው አልሞተም። በአሩሻ የሚያስችለው የአፍሪቃ ፍርድ ቤት በ2017 ዓ.ም. በማው ደን ለሚኖሩት ኦጊኮች ፈረደ፤ ከሳሹ ራሱ ኮሚሽኑ ነበርና ኬንያ በመጀመሪያዎቹ አቤት ባዮች ላይ ያነሣችው የወኪልነት መቃወሚያ ውድቅ ሆነ። በ2022 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ስለ ቍሳዊው ጉዳት 57,850,000፣ ስለ መንፈሳዊው ጉዳት 100,000,000 የኬንያ ሽልንግ እንዲከፈል አዘዘ። ገንዘቡ ለአንድ አለቃ እንዲሰጥ አላዘዘም፤ የማኅበረ ሰብ ልማት ገንዘብ ቤት እንዲቋቋም፣ በሚያስተዳድረውም ኮሚቴ ውስጥ ኦጊኮች ራሳቸው የሚመርጧቸው ወኪሎች እንዲገቡ አዘዘ እንጂ። ለሴጊ እንደራሴ የመረጠለት ማን እንደ ሆነ ለሚያስታውስ ሰው፣ «ራሳቸው የሚመርጧቸው» የሚለው ቃል በገንዘቡ ልክ ይመዝናል።