የጎጃም ርስትና የመዝገቡ ዓምድ

ቀድሞ በጎጃም ደጋ «ርስትህ ምን ያህል ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ባላገር የሚመልሰው የመሬቱን ስፋት ሳይሆን የትውልዱን ሐረግ ነበር። መሬቱ የሚጠራው አስቀድሞ ባቀናው አባት ስም ነው፤ ከዚያ አባት በእናትም ሆነ በአባት የሚወለድ ሁሉ ዘሩን ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሰው በብዙ አባቶች መሬት፣ ብዙ ሰውም በአንድ አባት መሬት ላይ መብት ነበረው። «የባለመሬቱ ስም» እና «ስፋቱ በጋሻ» የሚሉ ዓምዶች ብቻ ባሉት መዝገብ ይህን ማስፈር እንዴት ይቻላል?

ማዕከላዊው መንግሥት ግን ለመላው አገር አንድ ዓይነት መዝገብ ይሻ ነበር። አሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ እያንዳንዱ አውራጃ በየራሱ ልክ ከቈጠረ በአዲስ አበባ የሚደመር ነገር የለም። ባላገሩ በበኩሉ መለካት ርስቱን የሚያሳጣው መስሎ ይታየው ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጥቶ የእያንዳንዱ ገበሬ ሰብል በገማቾች እንዲታይ በታዘዘ ጊዜ፣ ሞጣና ቢቸና ዐመፁ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። የዐመፁ ምክንያት ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ማእከሉና ባላገሩ «ባለመሬት» የሚለውን ቃል በአንድ ትርጉም አለመያዛቸው ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበር አምናለሁ።

የ1967ቱ ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ ርስት ቀረ፤ የመዝገቡ ጥያቄ ግን አልቀረም። የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጁን ካወጣ በኋላ፣ በቀበሌ የተመረጡ ኮሚቴዎች ይዞታውን ጎረቤት ባለበት እየለኩ በእጅ ጽሑፍ መዘገቡ። በደብተሩም የባልና የሚስት ስም በአንድነት ሰፈረ፤ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

የ1997ቱ የፌዴራል ዐዋጅ መረጃው በመረጃ ቋት እንዲቀመጥ አዘዘ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ያወጣው የመሬት አስተዳደር ደረጃ ለብሔራዊው የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት መሠረት ሆነ። ይህ ደረጃ ሰውን፣ መብትንና ቁራሽ መሬትን ለየብቻ ካስፈረ በኋላ ያያይዛቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ መሬት ላይ ብዙ ባለመብት ከነድርሻው ይጻፋል። የቀድሞው ቅጽ ያልቻለው ይህን ነበር።

ያው የ1997 ዐዋጅ አዋሳኞችም እንዲመዘገቡ አዝዟል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ተብሎ። ያ ጥንታዊ ባላገር መዝገቡ ቢነበብለት፣ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ይህን ዓምድ ነበር።